ሃምሳ ሦስተኛው ቀን የእሱ ነበር

ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ድረስ ገበያ የሚወጣ ሰው ካለ፣ ወይ እንግዳ ነው ወይ ከሚስቱ ተጣልቶ ነው። ቆርቆሮው ሲግል ውሻ እንኳ ከቆመ ከባድ መኪና ሥር አይወጣም። እኔ የማሾና የሽንኩርት ነጋዴ ነኝ፤ ያንን ሰዓት ሌላው ነጋዴ በእንቅልፍ ያሳልፈዋል። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ያሳለፍኩት አንድ ነጭ ጢም ያለው አስማተኛ ሽማግሌ ከሞት በማሸሽ ነው። ብቻዬን አልነበርኩም። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝም ያ ብቻዬን አለመሆኔ ነው።

ኮምፒውተሩን የገዛሁት ሰፈራችን ያለው ጌም ቤት ሲዘጋ ነው። ልጆቹ ሁሉ ስልክ ያዙና ባለቤቱ ዕቃውን አውጥቶ ሸጠ። እኔ በሐሳቤ ሰው ሚሞሪ ላይ ዘፈንና ፊልም እየጫንኩ ላተርፍበት ነበር። ከሳምንት በኋላ ሰዉ ሁሉ ራሱ ከኢንተርኔት እንደሚያወርድ ገባኝ። ስለ ንግድ ብልሃቴ ሳወራ ይህን ታሪክ አልጨምረውም። ኮምፒውተሩ ከማሾው ጆንያ አጠገብ ቁጭ አለ፤ በውስጡ ማንም ሳያጠፋው የቀረ አንድ ጨዋታ ነበር።

ጨዋታውን ያገኘው ጓደኛዬ ነው። ጓደኛዬ ገበሬ ነው፤ ማሳው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሮቢ ወንዝ በተጠለፈው ቦይ ላይ ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል፤ ሽንኩርቱን እገዛዋለሁ፣ ቲማቲሙን እመክረዋለሁ፣ አይሰማኝም። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ ጾማችን ስለማይገጥም ሁልጊዜ አንዳችን ሲበላ አንዳችን ያያል። እሱ እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሯል። እኔ ስድስተኛ ላይ ወጥቼ የቀረውን መናኸሪያ አስተማረኝ። ስለዚህ እንግሊዝኛውን እሱ ያነባል፣ እኔ ሰው አነባለሁ ተባባልንና ጀመርን።

በጨዋታው ውስጥ የአስማተኞቹ ዘመቻ የሚባለው ክፍል ብዙ ተልዕኮ አለው፤ እኛ የተያዝነው አምስተኛው ላይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሽማግሌው በዘጠና ቀን ውስጥ ከተራራው ግንብ ተነስቶ፣ ቆላውን አቋርጦ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ማዶ ካለ የፈረሰ ማማ መድረስ አለበት። ከኋላው የአጥንት ጦር ይመጣበታል። ሥጋ የላቸውም፣ ስንቅ አይጠይቁም፣ ጫማ አይጨርሱም፤ ወጪ የሌለበት ጦር ነው። ሽማግሌው ከሞተ ሁሉም ነገር አከተመ። ታች ጥግ ላይ አንዲት የአሸዋ ሰዓት አለች፤ እሷን ካልነካህ ቀኑ አይመሽም። አንተ ቀንህን እስክትጨርስ ጠላትም ቆሞ ይጠብቅሃል። ዓመት ብትቀመጥ ዓመት ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ጨዋ ጠላት በንግድ ሕይወቴ አላጋጠመኝም።

ጨዋታው ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። እኛ ግን ቀን በቀን ተካፈልነው። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ቀን የእሱ፣ ሙሉው የእኔ። ቀኑ የእሱ ሲሆን ማውሱን የሚይዘው እሱ ነው፤ እኔ አፌን እይዛለሁ። ሕጋችን አንድ ብቻ ነበር፦ በሌላው ቀን አይገባም። እኔ ወንበሬ ላይ፣ እሱ በተገለበጠ የቲማቲም ሳጥን ላይ። አንድ ቬንትሌተር ነበረን። የመጀመሪያ ሰሞን ወደ እኛ አዞርነው፣ ኮምፒውተሩ ጋለና ጠፋ። ከዚያ በኋላ ንፋሱ ለኮምፒውተሩ፣ ላቡ ለእኛ ሆነ።

እናቱ አንድ ቀን ሊጠሩት መጥተው ከበሩ ላይ ሆነው አዩን። ሽማግሌው በዘንጉ እሳት እየተፋ ነበር።

«ምንድነው ይሄ? ሲህር ነው?»

«እማ፣ ሥዕል ነው።»

«ሥዕል እሳት ይተፋል? አንተስ» አሉ ወደ እኔ ዞረው፣ «ነጋዴ አይደለህም? በዚህ ምን ትሸጣለህ?»

«እትዬ፣ ይኸው ልጅዎ መጥቶ ያከስረኛል እንጂ እኔስ ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አስተግፊሩላህ» አሉና ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባገኙኝ ቁጥር ሽማግሌው እንዴት ነው ይሉኝ ነበር፤ ጎረቤት ያለ ሕመምተኛ እንደሚጠየቅ።

እኔና ጓደኛዬ የምንጣላው በክሪስታል ነው። አስማት ለመማር ክሪስታል ያስፈልጋል፤ በግንቡ ውስጥ ደግሞ ክሪስታል በእንጨትና በድንጋይ የሚለዋወጥበት ገበያ አለ። እኔ ገበያ ሳይ እጄ አይታዘዘኝም። በእኔ ቀን ሁሉ ክሪስታል አከማች ነበር። አንዴ አሥራ አራት ቀን ሙሉ ዋጋው እስኪጨምር ጠበቅሁ። አልጨመረም። ለካ እዚያ አገር ጾም የለም፣ ጾም ስለሌለ ፍቺም የለም፣ ፍቺ ከሌለ ዋጋ በምን ይንቀሳቀሳል?

«አንተ ሰውዬ» ይለኝ ነበር ጓደኛዬ፣ «ማሾ አደረግከው እኮ! መጋዘን ገብቶ የሚጠብቅህ መሰለህ? የሽማግሌው ኃይል በየንጋቱ ይሞላል፤ ትናንት ያልተጠቀምክበት ዛሬ ላይ አይጨመርልህም። አስማት ቲማቲም ነው፤ ካደረ በሰበሰ።»

«ቲማቲም የሚያለማ ሰው ምክር እሰማለሁ ደግሞ!»

እሱ በቀኑ ይበትናል። ሽማግሌውን ይዞ ከመንገድ ይወጣል፣ ዋሻ ይገባል፣ የማይረባ ነገር ተምሮ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ከቀኖቹ ስድስቱን አቃጥሎ ጫካ ውስጥ ካለ መናኝ ዘንድ አንድ አስማት አስተማረው። ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቀው በዙሪያው ጉም ያወርዳል አለኝ።

«ይገድላል?»

«አይገድልም።»

«ያቆስላል?»

«ጉም ነው አልኩህ እኮ። የጣርማ በር ጉም። ከባድ መኪና ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ የሚንፏቀቅበት።»

«ስድስት ቀን ለጉም! ጣርማ በር ሄደህ በነጻ አትወስድም ነበር?»

ሳጥኑ ላይ ሆኖ ከት ብሎ ሳቀ። እየሳቀ ሲንቀጠቀጥ ሳጥኑ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። አሁን ጆሮዬ ላይ የቀረው ያ ሲጢጥታ ነው።

ሃምሳ ሁለተኛውን ቀን እኔ ተጫወትኩና የአሸዋ ሰዓቷን ነካሁ። ሃምሳ ሦስተኛው መጣ፤ የእሱ። የአጥንቱ ጦር ከግንቡ የአራት ቀን መንገድ ላይ ነበር። ማውሱን ያዘ፣ ግን አላንቀሳቀሰውም።

«ቢወጣ ነው የሚሻለው፣ ቢቀመጥ?» አለኝ።

«በቀንህ አልገባም።»

«አይ፣ እስቲ ግባ።»

«ሕግ ሕግ ነው» አልኩት። ሽንኩርት የጫነ ጋሪ ደጄ ቆሞ ነበርና ግማሽ ልቤ እዚያ ነበር።

«እንግዲህ ነገ እጫወታለሁ። ዛሬ ሐሳቤ አልተሰበሰበም። አስቀምጠው» አለና ተነሳ። አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ የመጡት እናቱ ናቸው። በጠዋት በጀውሃ በኩል በሚያልፍ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል። በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ሊሻገር፣ ከዚያ ሳዑዲ። ለእሳቸውም የነገራቸው ጫማውን ካሰረ በኋላ ነው። ቲማቲሙ ሁለት ዓመት ተከታትሎ እንደከሰረበት አውቅ ነበር። ከሰፈሩ ሦስት ልጆች እንደሄዱም አውቅ ነበር። ሰው አነባለሁ ብዬ አልነበር? በአፍንጫዬ ሥር የተቀመጠውን አላነበብኩም።

ደረሰ። በአራተኛው ወር ለእናቱ ደውሎ ፍየል እየጠበቀ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ በሁለት ወር፣ በሦስት ወር አንዴ ይደውላል፤ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ስልክ፣ ሁልጊዜ ለአጭር ጊዜ። በዚህ እናቱን አልመቀኝም። ግን ስለ ሽማግሌው ጠይቆ ያውቃል ወይ ብዬ ሳላቅማማ እጠይቃቸው ነበር። «ስለ ማሳው ነው የሚጠይቀው» ይሉኛል።

እኔ ደግሞ በበኩሌ ታማኝነት መስሎኝ አንድ ነገር አደረግሁ። ጨዋታውን ቆለፍኩት። የይለፍ ቃል አስገባሁና ሃምሳ ሦስተኛውን ቀን እንዳለ ተውኩት። የጎረቤት ልጆች ለመኑኝ፣ እምቢ አልኩ። አንዱ ደንበኛዬ ለልጁ ኮምፒውተሩን ልግዛህ አለኝ፤ ዋጋውም ጥሩ ነበር፤ እምቢ አልኩ። በስድስት ሰዓት ሱቄን ገርበብ አድርጌ አበራዋለሁ፣ ሽማግሌው ግንቡ ውስጥ ቆሞ ሲያየኝ አየዋለሁ፣ መልሼ አጠፋዋለሁ። ሳጥኑንም ማንም አይቀመጥበትም፤ ጭነቷን ልታራግፍበት የመጣችውን ድመት እንኳ አባርሬአለሁ። ድመት ምን ጭነት አላት እንዳትሉኝ፤ ልጆቿን ይዛ ነበር የመጣችው፣ ለእኔ ጭነት ነው። ቀኑ የእሱ ነው፣ ይመጣና ይጫወተዋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ።

ባለፈው በጋ ሽንኩርት በማሳ ላይ ልገዛ በጠዋት ወደ ቦዩ ወረድኩ። ያን ዕለት የእነ ጓደኛዬ መስመር የውሃ ተራ ነበር። በእኛ አገር የመስኖ ውሃ በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብረው ገበሬዎቹ የመረጡት ሽማግሌ የውሃ አባት ይባላል። ተራህ ሲደርስ ከማሳህ አፍ ላይ አካፋ ይዞ የሚቆም ሰው ከሌለ፣ ውሃው ለቀጣዩ ያልፋል። ሦስት ጊዜ ካለፈህ ተራህ ከመዝገብም ከአፍም ይጠፋል፤ ከጅራት ትሰለፋለህ። የውሃ አባቱ ሁሉንም ያውቃል፣ ቢሆንም እንደማያውቅ ሆኖ መጠየቅ ግዴታው ነው።

የጓደኛዬ እናት ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሸብ አድርገው፣ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ውስጥ ቆመው ነበር።

«የማን ተራ ነው?» አሉ የውሃ አባቱ ከዳር ሆነው።

«የልጄ።»

«ልጁስ የታል?»

«አካፋው ይኸው» አሉና ከፍ አድርገው አሳዩ።

«ይጠጣ» አሉ ሰውዬው። እትዬ የቦዩን አፍ ከፈቱ፤ ቀይ ውሃ እየተጉመጠመጠ ገባ። ያንን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያደርጉ ኖረዋል። እኔ ያን ቀን ነው ያየሁት።

አካፋቸውን ልቀበላቸው ብል አልሰጡኝም። ስለዚህ ዳር ቆሜ አወራኋቸው።

«እኔም እኮ ተራውን ጠብቄለታለሁ፣ እትዬ» አልኳቸው፣ ትንሽ ለመመስገንም ፈልጌ። «በዚያ በጨዋታው። የእሱ ቀን ላይ እንዳቆምነው ነው። ማንም አልነካበትም።»

«ታዲያ ማን እያጠጣለት ነው?»

«ማንም። ቆልፌዋለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ቆልፈህ?»

«አዎ። እሱ እስኪመጣ።»

«አንተ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ውሃ ሳታሳልፍ ማሳ ጠበቅሁ ትላለህ? ይሄማ ማድረቅ ነው። እኔም አካፋውን ቤት ሰቅዬ ልጄ እስኪመጣ ብል ኖሮ፣ ዛሬ ይሄ መሬት የማን ተራ ይባል ነበር?» ውሃው ወደ ጎን ሲያመልጥ በአካፋቸው ጭቃ ዛቅ አድርገው ደፈኑት። «ስለ እሱ ሆኖ የሚያጠጣ ካለ፣ ያጠጣው እሱ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እኮ ነው ሽንኩርት የሚገዛን!»

ሽንኩርቱን ሳልከራከር ገዛሁ። የውሃ አባቱ እንኳ ደነገጡ፤ አሞሃል ወይ አሉኝ።

ወደ ሱቄ ስመለስ አበራሁት። ወይም ላበራው ሞከርኩ፤ በአራተኛው ሙከራ ነው የተነሳው፣ እሱም እህል እንደሚፈጭ ወፍጮ እየጮኸ። ኮምፒውተር የሚጠግነውን ጎረቤቴን ጠራሁት። ጆሮውን ደቅኖ አዳመጠና «ዲስኩ አልቋል፣ ጋሼ። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ መብራት መጥፋቱ... ያለህን ነገር ፈጥነህ ብትጠቀምበት ነው» አለኝ።

የይለፍ ቃሉን አስገባሁ። ሃምሳ ሦስተኛው ቀን። ወንበሬ ላይ ሆኜ ማውሱን ያዝኩና አቃተኝ። ከወንበሬ ተነሳሁ፤ ሳጥኑ ላይ ተቀመጥኩ። ሲጢጥ አለ።

በእሱ ቦታ ሆኖ ሲታይ ግንቡ ሌላ ነው። ወንበሬ ላይ ሆኜ የማየው ግድግዳውን፣ መጋዘኑን፣ የተከማቸውን ክሪስታል ነበር። ሳጥኑ ላይ ሆኜ ያየሁት በሩን ነው። እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? መልሱን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ እኔ የማላደርገውን ሁሉ። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩትን ክሪስታል በአንድ ቀን ለአስማት አፈሰስኩት። ከዚያ ሽማግሌውን ከግንቡ አስወጣሁና የአሸዋ ሰዓቷን ነካሁ። ሃምሳ አራተኛው የእኔ ነበር። ተነስቼ ወንበሬ ላይ ተመለስኩ፤ በእኔ ቀን እንደ ልማዴ ለአጃቢ ቀስተኞቹ ደመወዝ ቆጠብኩ፣ ከኋላ ያለውን ድልድይ አፈረስኩ። ሃምሳ አምስት፤ ሳጥን። ሃምሳ ስድስት፤ ወንበር። ፊት ለፊቴ ያለችው ሻይ የምታፈላው ልጅ ሰዉን ሁሉ «ነጋዴው ከራሱ ጋር ወንበር ይለዋወጣል» እያለች እንደምታስቅ በኋላ ሰማሁ። ምን ብዬ አስረዳታለሁ?

ሰባዎቹ ቀኖች ውስጥ ሳለን እናቱ ወደ ሱቁ መጡ።

«ደወለ» አሉ፣ ጆንያው ላይ እየተቀመጡ።

«ደህና ነው?»

«ደህና ነኝ ይላል። ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚል ሰው ከእናቱ የሚደብቀው አለው። አልሐምዱሊላህ፣ ድምፁ አለ።» ጆንያው ላይ ተደላደሉና፣ «ያንተን ነገርኩት። ያ ነጋዴ ተራህን እያጠጣልህ ነው አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀ። ሳቁን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ነካ አደረጉ። «ያ ሆዳም ሽማግሌውን ግንብ ውስጥ ከቶ ጆንያ ጭኖበት ይሆናል ብዬ ነበር አለ። እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ያለው።»

«እሱ እንደሆነ ገብቶኛል።»

«ደግሞ... ጉሙን አይርሳ በይው አለ። ጉም ምንድነው?»

«የጣርማ በር ጉም ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። ስለ ማሳው ብቻ የሚጠይቅ ሰው፣ በሰው አገር በረሃ ፍየል ከኋላ እየነዳ፣ የጉሙን ነገር ይዞት ዞሯል።

«መቼ እመጣለሁ አለ?» ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ፤ «እሱን አልጠየቅሁትም። አንተም አትጠይቀኝ።»

ሰማንያ ሰባተኛው ቀን ላይ ሽማግሌው ወንዙ ዳር ደረሰ። ከጎኑ የቀሩት አሥራ ሁለት ቀስተኞች ነበሩ። የአጥንቱ ጦር ከኋላም ከጎንም መጥቶ መሻገሪያውን ይዞታል፤ ቢዋጋ አንድ ሰዓት አይቆይም። ጎዶሎ ቀን ነው፤ ሳጥን ላይ ነኝ። ከአስማቶቹ ሁሉ መጨረሻ፣ ሁለት ዓመት የቀለድኩባትን፣ ያችን ስድስት ቀን የፈጀች ጉም ነካኋት። ነጭ ነገር ከወንዙ ተነስቶ ስክሪኑን ሸፈነው። የአጥንቱ ወታደሮች ልክ ጣርማ በር ላይ እንዳሉ ሹፌሮች ባሉበት ቆሙ። ሽማግሌው በመካከላቸው አለፈ። አንዱን ሊነካው ምንም አልቀረውም ነበር። ውሃው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ ማዶ ቆመ።

«አየህ!» ብዬ ወደ ወንበሬ ዞርኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። ሁለት ዓመት ያላመንኩበት ነገር ሲሠራ የምሰደበው እኔ ነበርኩ፤ ተሳዳቢዬ የለም። ሰው ለመሰደብ ይናፍቃል ብላችሁ ታምናላችሁ?

ማማው ደጃፍ ላይ ሲደርስ የጨዋታው ሙዚቃ ተለወጠና እኛ አይተነው የማናውቀው ብራና ተዘረጋ። እንግሊዝኛውን የሚያነብልኝ የለም። ሥዕሉን አየሁ፤ ሽማግሌው በበረዶ ተራራ ሥር ቆሟል፣ ከሥሩ የቁጥር ስድስት ምልክት። ስድስተኛው ተልዕኮ። ዲስኩ እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ጠፋ ብዬ ነበር። ከዚያ ተከፈተ፤ ጥግ ላይ አንደኛ ቀን ይላል።

አንድ ጎዶሎ ነው። ቬንትሌተሩን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋሁ፤ ሳጥኑን ወደፊት ሳብኩ።

ዘጠኝ ተኩል ደርሶ ነበር። አንድ የቦዩ ገበሬ ማሾ ጭኖ በሩ ላይ ቆመ።

«ነጋዴ፣ ትመዝናለህ ወይስ ወደ ሌላ ልሂድ?»

«ትንሽ ታገሠኝ፤ ተራ ይዤ ነው።»

«የማን ተራ?»

«የጓደኛዬ።»

ስክሪኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ባዶውን ወንበር አየ። የመስኖ ሰው ነውና ሌላ አልጠየቀኝም። ጆንያውን አወረደ፣ ላዩ ላይ ተቀመጠ፣ ጠበቀኝ።